የጸሎተ ሐሙስ ጥርስ

ጡረታ የወጣሁ ቀን የሆስፒታሉ ሠራተኞች ጋቢ አለበሱኝ። ዳቦ ተቆረሰ፣ ለስላሳ ተከፈተ፣ አንድ ወጣት ባለሙያም ተነሥቶ «ሲስተር ብርቄ በሠራችበት ዘመን ሁሉ አንድም ታካሚ በእጇ አልተጎዳም» ብሎ ተናገረ። ሰው አጨበጨበ። እኔም ከሰው ጋር አጨበጨብኩ። ምን ላድርግ? ጋቢ ለብሶ፣ ዳቦ ፊት ቆሞ «ኧረ ውሸት ነው» አይባል ነገር። ልጁ ክፉ አላሰበም፤ እሱ ከመምጣቱ በፊት የሆነውን ከየት ያውቃል? እኔ ግን አውቃለሁ። ይታይሽ የምትባል ሴት ነበረች። ጥርሷን በጸሎተ ሐሙስ ነቀልኩላት፤ በትንሣኤ ማግስት ሞተች። ያን ቀን ማጨብጨቤ እስካሁን ይከነክነኛል፤ ይህን የምጽፈውም ለዚያ ነው።

ተወልጄ ያደግሁት ቢቸና በኩል ነው። ነርስ ሆኜ ብዙውን ዘመኔን የጨረስኩት ጫግኒ ነው። ጫግኒ ቆላ ነው፤ ያኔ ሥራችን ሁሉ ወባ ነበር። ወባ የሚያንቀጠቅጠው ሰው ስለ ጥርሱ አያወራም፤ እኔም ስለ ሰው ጥርስ አስቤ አላውቅም። ዕድሜዬ ወደ ሃምሳ ሲጠጋ «የጥርስ ሥልጠና አለ፤ ማን ይሄዳል?» ተባለ። ወጣቶቹን በሰው አፍ ውስጥ እጅ መክተት ቀፈፋቸው። እኔ ከጫግኒ ሙቀት የሚያወጣኝን መንገድ ስፈልግ ኖሬያለሁና እጄን አወጣሁ። ሰው ሙያውን የመረጠበትን ሲያወራ ስለ ጥሪና ስለ ፍቅር ይናገራል፤ እኔን ሙቀት ነው ያስመረጠኝ። ደሞዙም ያው ነበር፣ የተጨመረልኝ አንድ ነጭ ጋዋን ብቻ ነው።

ሥልጠናውን ጨርሼ የተመደብኩት ዳንግላ፣ ከጋሼ ተገኘ ሥር ነው። ጋሼ ተገኘ የድሮ ድሬሰር ናቸው። ድሬሰር ማለት ቁስል ከማጠብ ጀምሮ ከሐኪም በታች ያለውን ሥራ ሁሉ የሚሠራ ባለሙያ ነበር፤ አሁን ስሙም ጠፍቷል። ጡረታ ሊወጡ ጥቂት ዓመት ቀርቷቸው ነበር። እጃቸው የገበሬ እጅ ነው፣ ሰፊና ሻካራ፤ አፍ ውስጥ ሲገባ ግን በሽተኛው መግባቱን አያውቅም። አማርኛውንም አገውኛውንም እኩል ይናገራሉ። ክፍላችን አንዲት መስኮት ያላት ጠባብ ክፍል ነበረች፤ የወንበሩ የራስ ማስደገፊያ ተሰብሮ በተጠቀለለ ብርድ ልብስ ነበር የምንደግፈው።

መጀመሪያ ሰሞን እኔን ያየ ገበሬ ሁሉ ይደነግጥ ነበር። አንዱ ሽማግሌ ክንዴን ከላይ እስከ ታች አይተው «ይቺ ናት ጥርሴን የምታወጣው? ከዶሮ ላባ የምታወጣ አትመስልም» አሉ። ጋሼ ተገኘ ሳቁና «ጥርስ በጉልበት አይወጣም፤ ይለመናል እንጂ» አሏቸው። እውነታቸውን ነው። ጀማሪ ጉጠቱን ጨብጦ ይስባል። ሲስብ ጥርሱ ይሰበርና ሥሩ ውስጥ ይቀራል፤ ከዚያ ወዲያ ለሁለቱም መከራ ነው። እሳቸው መጀመሪያ ወደ ታች፣ ወደ አጥንቱ ይጫኑ ነበር። ቀጥለው ወደ ጉንጭ በኩል ቀስ አድርገው ያዘነብሉና ይቆማሉ፤ ደግመው ወደ ምላስ በኩል፤ ይቆማሉ። መቆሙ ነው ሙያው። አጥንቱ ሲለቅ በመዳፍ ይታወቃል። ይህን ለማወቅ ስድስት ወር ፈጀብኝ፤ በነዚያ ስድስት ወራት የሰበርኳቸውን ጥርሶች ባለቤቶች ዛሬም ይቅርታ እጠይቃለሁ።

ከሁሉ ይልቅ የተማርኩት ግን ከመንቀሉ በፊትና በኋላ የሚያደርጉትን ነው። ሰው ወንበሩ ላይ ሲቀመጥ መሣሪያው በንጹሕ ጨርቅ እንደተሸፈነ ነው፤ «መሣሪያ ያየ ሰው ሕመሙን ከዚያው ይጀምራል» ይሉ ነበር። እሳቸው ከበሽተኛው ዝቅ ብለው በርጩማ ላይ ይቀመጣሉ። የትኛው ጥርስ እንደሆነ አይጠይቁም። የሚጠይቁት «ነገ ምን አለብህ?» ብለው ነው። በመጀመሪያው ሳምንት የወሬ ሱስ ያለባቸው መስሎኝ ነበር። ወረፋው ይረዝማል፣ እሳቸው ስለ ነገ ይጠይቃሉ። አንድ ቀን ሰልችቶኝ «ጋሼ፣ ነገውን ትተን ጥርሱን ብንነቅልለትስ?» አልኳቸው።

«ነቀላው የእኔ ሥራ ነው፤ ሩብ ሰዓት ነው» አሉኝ። «ቁስሉን ማዳን የእሱ ሥራ ነው፤ ሳምንት ነው። የእሱን ሳምንት ሳላውቅ የእኔን ሩብ ሰዓት አልጀምርም።»

አንድ ጎልማሳ «ነገ ፈረስ እጋልባለሁ፤ ለፈረሰኞች ዓመት በዓል ከአገር ሰው ጋር እወጣለሁ» አላቸው። ማስታገሻ ሰጥተው «ጋልበህ ስትመለስ ና፤ ደም የረጋበትን አፍ ፈረስ ላይ አታንገጫግጭብኝ» ብለው መለሱት። አንዲት ሴት «ነገ ጠላ እጠነስሳለሁ» አለች፤ እሳቱን እፍ የምትለው እሷ መሆኗን አውጣጥተው ልጇ እንድታነድላት አስማሏት። ጥርስ በተነቀለ በማግስቱ ጉንጭን ወጥሮ እፍ ማለት የረጋውን ደም ከቦታው ያነሣዋል። አንድ ቄስም መጡ፤ «ነገ ቀዳሽ ነኝ» አሉ። ጋሼ ተገኘ ያኔ የመሣሪያውን ጨርቅ ሳይገልጡ ከበርጩማቸው ተነሡ። ደም እየፈሰሰው መቅደስ የሚገባ የለም፤ ቄሱም ያውቃሉ፣ እሳቸውም ያውቃሉ፤ ሕመም ነው ያስረሳቸው። ለሌላ ቀን ቀጠሯቸው።

ከነቀላው በኋላ ሰውየው ጥጥ ነክሶ ውጭ በአግዳሚው ላይ ግማሽ ሰዓት ፀሐይ ይሞቃል። ከዚያ ወጥተው አፉን ያያሉ። «የረጋው ደም ክዳን ነው። ክዳኑን ያነሣ ሰው ድስቱን ለዝንብ ሰጠ» ይሉታል። እስከ ነገ መትፋት የለም፣ መጉመጥመጥ የለም፣ በምላስ መነካካት የለም። የሚያቃጥል ወጥ የለም፣ ትንባሆ የለም፤ አረቄም የለም። አረቄ ቁስል ያጠራል የሚል ስንቱ አለ መሰላችሁ። ምራቅህን ዋጠው ሲባል «ደም እኮ አለበት» ብሎ የሚሰቀጠጠውን እንኳ በትዕግሥት ነበር የሚያስረዱት። ከነገ ወዲያ ለብ ባለ ውኃ ጥቂት ጨው በጥብጦ አፍን መሙላት፣ ጎንበስ ብሎ ሳይተፉ በራሱ እንዲፈስ መልቀቅ። ይህን ሁሉ ከተናገሩ በኋላ «ገባህ?» አይሉም። «ገባህ ብለሽ ብትጠይቂው አልገባኝም የሚልሽ ማን አለ?» ይሉኝ ነበር። «ቤት ስትደርስ ለሚስትህ ምን ትላታለህ?» ነው የሚሉት። አንዱ «ተገላገልኩ እላታለሁ» ብሎ አስቆናል። እስኪያስተካክል ድረስ ግን ከአግዳሚው አላስነሡትም።

ጋሼ ተገኘ ጡረታ ሲወጡ እኔ ወደ እንጅባራ ተዛወርኩ። አሮጊቶቹ አሁንም በድሮ ስሟ ቆሰበር ነው የሚሏት። ብርዷ ሌላ ነው፤ ታካሚው ሁሉ «ብርድ ይገባብኛል» ብሎ አፉን በጋቢ ጠቅልሎ ነው የሚመጣው። ክፍሉ ሰፊ፣ ወንበሩ በመብራት የሚሠራ፣ የመሣሪያ መቀቀያው አዲስ ነበር። ወረፋው ግን የዳንግላን ሦስት እጥፍ ነው። ያኔ የነበረው አለቃችን ወጣት ሰው ነው፤ ሥራ ወዳድ ነው፤ በየወሩ ሪፖርቱን ይዞ «ሲስተር፣ ስንት ነቀልሽ?» ይለኛል። አልወቅሰውም። እሱ ቁጥር ጠየቀኝ እንጂ «ታካሚዎችሽን አትጠይቂ» አላለኝም። መጀመሪያ የቀረው አግዳሚው ነው፤ ዝናብ ስለሚበዛ ውጭ መቀመጥ አይመችም ብዬ ለራሴ ነገርኩት። ቀጥሎ ለሚስትህ ምን ትላታለህ የሚለው ቀረ። በመጨረሻ «ነገ ምን አለብህ?» ቀረ። እንዴት እንደቀረ እንኳ አላስታውስም፤ አንድ ቀን አልጠየቅኩም፣ ምንም አልሆነም፤ በማግስቱም አልጠየቅኩም።

ይታይሽ የመጣችው በጸሎተ ሐሙስ፣ እኩለ ቀን ላይ፣ የመጨረሻዋ ሆና ነው። ከዘንገና በኩል በእግሯ ነው የመጣችው። ሠላሳዎቹን ያጋመሰች፣ ቀጭን፣ ዐይነ አፋር ሴት ናት። ቀኝ ጉንጯ አብጧል፤ የታችኛው መንጋጋ ጥርሷ ተበልቶ ጉድጓድ ሆኗል፣ ሥሩ መግል ቋጥሯል። አራት ቀን እንቅልፍ አልተኛሁም አለችኝ።

«ሲስተር፣ እባክዎ ዛሬውኑ ይገላግሉኝ። ለፋሲካ ልድረስ» አለች።

«አይዞሽ፣ ዶሮው የትም አይሄድብሽም» አልኳት እየሳቅሁ።

ዶሮ እንዳልናፈቃት አሁን አውቃለሁ። ያን ቀን ግን ሐሳቤ ከእሷ ጋር አልነበረም። በጸሎተ ሐሙስ ካህናቱ የምእመናኑን እግር ያጥባሉ፤ እኔ አንድም ዓመት ቀርቼ አላውቅም። ነጠላዬ በበሩ ላይ ተሰቅሏል፣ ሰዓቴን አያለሁ። ቤት ደግሞ የምቀቅለው የጉልባን ስንዴ ተዘፍዝፎ ይጠብቀኛል። ጥርሱን በደንብ ነቀልኩት። በሙያዬ የማፍርበት የለም፤ ሳይሰበር በሙሉ ሥሩ ወጣ፣ መግሉ ፈሰሰ፣ ጥጡን አስነከስኳት። የቁስል ማድረቂያ ክኒንና ማስታገሻ በወረቀት ጠቅልዬ ሰጠኋት።

«ይህን ጠዋት፣ ቀንና ማታ፤ ሁለቱንም ከምግብ በኋላ። አትትፊ፣ እስከ ነገ አትጉመጥመጪ፣ ከዚያ በጨው ውኃ፤ ትኩስ አትብዪ። ገባሽ?»

ራሷን ነቀነቀች። ከዚያ የሆነ ነገር ልትለኝ አፏን ከፈት አደረገች።

«ጥጡ ይወድቅብሻል፤ ዝጊው» አልኳት።

ዘጋችው። እጅ ነሥታኝ ወጣች። እኔም ነጠላዬን አንሥቼ ቤተ ክርስቲያን ደረስኩ፤ እግሬን ታጠብኩ።

ሰኞ ረፋድ ላይ፣ የፋሲካ ማግስት፣ ቤቴ ሆኜ ስልኬ ጮኸ። ተረኛዋ ነርስ ናት። «ሐሙስ ጥርስ የነቀልሽላት ሴት መጥታለች። ቶሎ ድረሽ» አለችኝ።

ስደርስ ይታይሽ አልጋው ጫፍ ላይ ወደ ፊት አዘንብላ ተቀምጣለች፤ መተኛት አትችልም፣ ከተኛች ትታፈናለች። ከጆሮ እስከ ጆሮ አንገቷ አብጧል፤ ስነካው እንደ ጣውላ ደርቋል። ምላሷ ወደ ላይ ተነሥቶ አፏን ሞልቶታል፣ ምራቋ እየፈሰሰ ልብሷን አርሶታል። አየችኝና ዐወቀችኝ። ከጥርስ የተነሣ ቁስል ወደ አንገት ሲወርድ ምን እንደሚያደርግ ተምሬያለሁ፤ በዐይኔ ሳየው ያ የመጀመሪያዬ ነበር። ሐኪሙ ኦክስጅን አደረገላት፣ መድኃኒቱን በደም ሥሯ ጀመረላትና «ባሕር ዳር፣ አሁኑኑ» አለ። አምቡላንሱ ውስጥ አብሬያት ገባሁ።

ባለቤቷ ፈንቴ ከኋላዋ ተቀምጦ በደረቱ ደግፏታል። ዝምተኛ ሰው ነው፤ ዱላውን በጉልበቶቹ መካከል አቁሟል። የሰጠኋትን መድኃኒት ጠየቅሁት። ከኮቱ ኪስ ወረቀቱን አወጣ። ሐሙስ ማታ ከዋጠችው በቀር ክኒኑ ሁሉ እንዳለ አለ።

«ለምን አልዋጠችም?» ጮህኩበት መሰለኝ።

«ከምግብ በኋላ ብለዋት የለ?» አለኝ ግራ ተጋብቶ። «ምግብ መች ቀመሰች? አክፍሎት ይዛ ነበር እኮ።»

አክፍሎት የሚይዝ ሰው ከሐሙስ ማታ እስከ ትንሣኤ ሌሊት እህልም ውኃም አይቀምስም። እኔ ራሴ በልጅነቴ ከእናቴ ጋር ይዤ አውቃለሁ። ይታይሽ ልጇ ታማ የዳነች ጊዜ ተስላ በየዓመቱ ትይዛለች። ፈንቴ በመንገድ ላይ፣ እሷ እየሰማች፣ አንድ በአንድ ነገረኝ። ዓርብ ከሰው ጋር ስግደት ሄደች። ስትሰግድና ስትነሣ አፏ ደም ሞላ። ደም እየፈሰሰኝ ቅጥር ውስጥ አልቆምም ብላ ወጣችና ከበሩ ውጭ፣ ዛፍ ሥር፣ ብቻዋን ስትሰግድ ዋለች። ደሙን መዋጥ ጾም መግደፍ መስሏት ቀኑን ሙሉ ስትተፋ ዋለች። ቅዳሜ ትኩሳት ያዛት። ውኃ ቅመሺ ቢሏት «አንድ ቀን ነው የቀረኝ» አለች። አፏንም በጨው ውኃ አልነካችውም፤ ውኃ ነዋ። ሌሊት ለመግደፊያ ተልባ ሲሰጧት በአፍንጫዋ ተመለሰ። እሑድን የጾም ድካም ነው እያሉ ዋሉ። ክኒኑን ከገደፍኩ በኋላ እጀምረዋለሁ ብላ አስቀምጣ፣ ጊዜው ሲደርስ መዋጥ አልቻለችም።

እኔ እያንዳንዱን ቃል ስሰማ የራሴን ድምፅ ነበር የምሰማው። ከምግብ በኋላ። በሕማማት ሳምንት! ጸሎተ ሐሙስ መሆኑን ከማንም በላይ አውቅ ነበር፤ የቸኮልኩትም ለዚያው ነው። አንድ ጥያቄ ነበር የሚያስፈልጋት።

ዳንግላን አለፍን። ትንፋሿ እያፏጨ ነበር። እጄን ያዘችኝ፤ አልለቀቀችኝም። ዱርቤቴን እንዳለፍን ፉጨቱ ቆመ። የምንችለውን ሁሉ አደረግን። አየር የሚገባበት ቦታ አልነበረም። ሾፌሩ መኪናውን ጥግ አስያዘ። በመንገዱ ዳር የዓመት በዓል ልብስ የለበሱ ሰዎች ይሄዱ ነበር፤ ቆመው አዩን። ፈንቴ ነጠላዋን ፊቷ ላይ አለበሰና «እንመለስ» አለ።

ለቅሶ ሄድኩ። ሰው እንዳይቀጣኝ ፈርቼ አይደለም የሄድኩት፤ መቅረት ስላልቻልኩ ነው። እዚያ ያጋጠመኝ ግን ከቅጣት የባሰ ነው። ሽማግሌዎቹ «አክፍሎቷን ጨርሳ፣ በትንሣኤ፣ ገነት በተከፈተበት ጊዜ ሄደች። ታድላ!» እያሉ ያጽናናሉ። ፈንቴም ተነሥቶ ለለቀስተኛው «ሲስተሯ ናት፤ እስከ መጨረሻው እጇን ይዛት ነበር» ብሎ አስተዋወቀኝ። ሴቶቹ መረቁኝ። ቦታ ለቀው አስቀመጡኝ። ንፍሮውን በመዳፌ ይዤ አፈርኩ፤ እንዲያ አፍሬ አላውቅም። ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም ይላሉ፤ እኔም ዝም አልኩ። ሆስፒታል ተመልሼም በመዝገቡ ላይ «ዘግይታ የመጣች» ብዬ በገዛ እጄ ጻፍኩ። ሐሙስ መጥታ የነበረችውን ሴት ነው «ዘግይታ» ያልኳት።

ክረምቱን አልፌ አንድ እሑድ ዳንግላ ሄድኩ። ጋሼ ተገኘ በጓሯቸው ጌሾ ይኮተኩታሉ። ሁሉንም ነገርኳቸው። ይቆጡኛል ብዬ ነበር፤ ቢቆጡኝ ይቀለኝ ነበር። መኮትኮቻውን አስቀምጠው እስክጨርስ ሰሙኝ።

«ለእኔ ምን ትነግሪኛለሽ?» አሉኝ በመጨረሻ። «ሚስቴ አልሞተችብኝም። ለባለቤቷ ንገሪው።»

«ቢጠላኝስ ጋሼ?»

«ይጥላሽ። መብቱ ነው።»

ያም ሆኖ ቶሎ አልሄድኩም። ሥራዬን ግን ለወጥኩ፤ ይህ የሚቀል ነገር ነበር። አግዳሚውን ኮሪደሩ ውስጥ አስገባሁት። ነገ ምን አለብሽ፣ ከነገ ወዲያስ፣ ጾም ትይዣለሽ፣ እስከ ስንት ሰዓት፣ ስለት አለብሽ፣ እያልኩ እንደ መርማሪ እጠይቅ ጀመር። አለቃችን ቁጥሬ ሲወርድ ጠራኝ። ምክንያቱን ነገርኩት፤ ለእሱ መንገር አላቃተኝም። ሁለተኛ ስለ ቁጥር አላነሣብኝም። በሚቀጥለው ዓመት ሕማማት አንዲት እናት አክፍሎት እንደምትይዝ ነገረችኝ፤ ክኒኑን ካልዋጥሽ አልነቅልም ብላት ተቆጣች።

«ለእግዜር የገባሁትን ቃል አንቺ ልታፈርሺው ነው?»

«የንስሐ አባትሽ ስልክ አላቸው?» አልኳት።

ደወልን። ኔትወርኩ እየተቆራረጠ በድምፅ ማጉያው አነጋገርኳቸው። አባ ነገሩን እንደሰሙ «ልጄ፣ በሽተኛ ነሽ፤ ፈትቼሻለሁ፤ ሲስተሯ ያለችሽን አድርጊ» አሏት። እሷ አለቀሰች። ስልኩ ተዘግቶም ቁጭ ብዬ ቀረሁ። ሁለት ደቂቃ አልፈጀም። ለይታይሽ ይህን ሁለት ደቂቃ ነው የነፈግኋት። ያን ጊዜ ለመሄድ ቆረጥኩ።

የሙት ዓመቷ ዕለት ከእንጅባራ በባጃጅ ወጥቼ፣ ከአስፋልቱ ወርጄ በእግሬ ሄድኩ። ሰው በልቶ፣ ካህናቱ ተሸኝተው እስኪያበቃ ጠበቅሁ። ፈንቴ ከበረቱ አጠገብ ግንድ ላይ ብቻውን ተቀምጧል። በዓመት ውስጥ አርጅቷል። ሲያየኝ ሊነሣ ሲል በእጄ መለስኩት።

«ፈንቴ፣ የምነግርህ አለኝ። አምና ልነግርህ የሚገባ ነበር» አልኩት። ቆሜ ነው የተናገርኩት። «የሕማማት ሳምንት መሆኑን እያወቅሁ አክፍሎት ትይዣለሽ ወይ ብዬ አልጠየቅኋትም። ለቤተ ክርስቲያን ቸኩዬ ነበር። ከምግብ በኋላ ብዬ ሰደድኳት። የእሷ ጥፋት የለበትም። የእግዜር ሥራም ብለህ አትለፈው። ጥፋቱ የእኔ ነው።»

በዱላው ጫፍ መሬቱን ይጭር ነበር። መጫሩን አቆመ። ቀና ሳይል መናገር ጀመረ።

«ሐሙስ ማታ ጉልባኑን በአንድ ጉንጯ ቀምሳ እጇን ከታጠበች በኋላ ጠየቀችኝ። ‹በዚህ አፌ አክፍሎቱን ልያዘው ወይስ ዘንድሮ ይለፈኝ?› አለችኝ። ‹ሲስተሯ ከልክላሻለች?› አልኳት። ‹የለም፣ አልከለከለችኝም› አለች። ‹እንግዲያው ያዢ። የሚጎዳሽ ቢሆን ትነግርሽ ነበር› አልኳት።»

ግንዱ ላይ፣ አጠገቡ ተቀመጥኩ።

«ቢከለክሏት ኖሮ ትድን ነበር?» አለኝ።

በሥራ ዘመኔ ሁሉ ለሐዘንተኛ የምለውን ነገር አፌ ያውቀዋል፤ የእግዜር ነገር ነው፣ ማን ያውቃል፣ ቀኗ ደርሶ ነው። ምላሴ ላይ መጣ። ዋጥኩት።

«ሳትድን አትቀርም ነበር» አልኩት።

ጋቢውን ፊቱ ላይ ስቦ አለቀሰ። በቀብሯ ቀን እንኳ ሲያለቅስ አላየሁትም ነበር፤ እንደ ሕፃን አለቀሰ። እስኪወጣለት ጠበቅሁ። ከዚያ ፊቱን በጋቢው ጫፍ ጠረገና ለመጀመሪያ ጊዜ ቀጥ ብሎ አየኝ።

«ዓመት ሙሉ» አለኝ፣ «እኔ ብቻዬን የገደልኳት ይመስለኝ ነበር።»